ሃያ ዓመት የቆየው ወባ

ከሶዶ የወጣሁት ማክሰኞ ማለዳ ነው። ሰኞ አመሻሹ ላይ ግን ሻንጣዬ አራት ጊዜ ተከፍቶ አራት ጊዜ ተዘጋ። የሚከፍተው ወንድሜ ነበር።

ቤቱ በሰው ተሞልቷል። የጸሎት ቤታችን ሽማግሌዎች፣ ጎረቤቶች፣ የባለቤቴ እህቶች፣ ከልጄ ከምህረት ጋር የተማሩ ልጆች ሁሉ ሊሸኙን መጥተዋል። ባለቤቴ ጴጥሮስ ኖርዌይ ከሄደ አራት ዓመት ሆኖታል፤ አሁን እኔንና ምህረትን ሊወስደን ነው። እኔ ፓስፖርቶቹ ደረቴ ውስጥ መኖራቸውን በየደቂቃው በእጄ እዳብሳለሁ። ወንድሜ ማርቆስ ደግሞ ሻንጣውን ይከፍታል። መጀመሪያ ሁለት ዕቃ ሙሉ ዳታ ጨመረ፣ ያንን አረንጓዴውን የተፈጨ በርበሬያችንን። ቀጥሎ ቅቤ። ቀጥሎ የመዝሙር መጽሐፍ። በመጨረሻ እጀታ የሌለው የዶማ ብረት ይዞ መጣ።

«ኢሻ፣ ይሄ ደግሞ ምን ይሠራል?» አልኩት። ኢሻ በወላይትኛ ወንድም ማለት ነው።

«ኖርዌይ መሬት የላትም እንዴ? እጀታውን እዚያ ትቆርጣላችሁ!»

ሦስት ቀን አልተኛም ነበር። በእነዚያ ሦስት ቀኖች አጥራችንን አደሰ፣ የጎረቤትንም አጥር ሳይጠየቅ አደሰ፣ የሳሎኑንም ግድግዳ እስከ ግማሹ ሰማያዊ ቀባ። ሽማግሌው የመሸኛውን ጸሎት ሲጀምሩ ከአፋቸው ነጥቆ ለኖርዌይ ንጉሥ፣ ለንግሥቲቱ፣ በባሕራቸው ውስጥ ላሉት ዓሣዎች ሁሉ ጸለየ። መጀመሪያ ሰው ዓይኑን እንደጨፈነ ሳቀ። ሲረዝም ግን ዓይን ተገለጠና መተያየት መጣ።

«ወባው ተነስቶበት ነው» አልኩ እኔ።

ሁሉም ራሳቸውን ነቀነቁ። ማርቆስ የሚኖረው ቤሌ ነው፤ ቤሌ ቆላ ነው፤ ቆላ ደግሞ ወባ አያጣም። ጎረቤታችን እማማ ዘነቡ ብቻ፣ «ይሄ የቤሌ ወባ ሰውን ሲያዘምር እንጂ ሲያንቀጠቅጥ አይቼ አላውቅም» ብለው ነጠላቸውን ሰብሰብ አደረጉ።

የማርቆስ ሕመም ባይፖላር ይባላል። ዛሬ ቃሉን ሳልደነግጥ እጽፈዋለሁ። አንድ ሰሞን ሰውየው ከልክ በላይ ደስ ይለዋል፤ አይተኛም፣ ያወራል፣ ያለውን ይሰጣል፣ የማይፈልገውን ይገዛል። ሌላ ሰሞን ደግሞ ከአልጋ መነሳት ያቅተዋል፣ እህል ይመረዋል፣ መኖሩን ይጠላል። በመካከሉ እንደማናችንም ደህና ሰው ነው። ወንድሜ ቤሌ ላይ ትንሽ ሱቅ አለው፤ ስኳር ሲመዝን አጉድሎ አያውቅም። ስሙን ቀይሬዋለሁ። ስም ምረጥ ስለው የንጉሥ ስም ካልሆነ አለኝ፤ ስንከራከር ቆይተን በማርቆስ ታረቅን።

ወባ ያልነው እኔ ላገባ ስል ነው። አገሩን ለምታውቁ መንገር አያስፈልግም፤ ለማታውቁ ግን፣ በእኛ ዘንድ ሽማግሌ ሲላክ መጀመሪያ የሚጠየቀው ጎሳ ነው፣ ቀጥሎ በዘሩ ውስጥ ምን ሕመም አለ ነው። ያን ሰሞን ወንድሜ በየቀኑ ገበያ መሐል ቆሞ ይሰብክ ነበር። እናቴ ቶሎ ብላ ቤሌ ወደምትኖረው እህቷ ላከችው። ሽማግሌዎቹ «ወንዱ ልጃችሁስ?» ሲሉ፣ «ቤሌ ሄዶ ወባ ይዞታል» አለች። ከዚያ ወዲህ ሕመሙ በተነሳ ቁጥር ወባ ነው። ሲደሰትም ወባ፣ ሲያዝንም ወባ።

እኔም ከልጅነቴ ፈሪ ነኝና የራሴን ማጣራት አጣራሁ። ትምህርቴ ከአራተኛ ክፍል አላለፈም፤ ዘር ቆጠራ ግን ክፍል ውስጥ የሚማሩት አይደለም። የጴጥሮስን ጎሳ እስከ ሰባት አባት አስጠየቅሁ፤ አእምሮው የታመመ አንድም ሰው አልተገኘም። እናቴ፣ «ልጅ የአባቱ ነው። ሴት ማደሪያ ትሰጣለች እንጂ ዘሩ ከወንድ ነው» ብላኛለች። እንግዲህ ልጄ የአባቷ ጎሳ ናት፤ የወንድሜ ሕመም የእኔ ጎሳ ነው፤ አጥር ዘሎ አይሄድም። በዚህ ሐሳብ ሃያ ዓመት ተረጋግቼ ኖርኩ።

ከሶዶ ተነስተን የገባንበት ከተማ ቦዶ ይባላል። የባለቤቴ እህቶች «አንድ ፊደል ለመለወጥ ይሄ ሁሉ አውሮፕላን!» ብለው ስቀውብን ነበር። አየር ማረፊያው ላይ ጴጥሮስ ቆሞ ሲያለቅስ አገኘነው፤ አራት ዓመት ዓሣ ፋብሪካ ሠርቶ ልብሱ ሁሉ ዓሣ ዓሣ ይሸታል፤ እኔም አቅፌው አልለቅ አልኩ።

ስለ ምግቡ ልንገራችሁ። ድንች አለ። ጠዋት ባይሆን ማታ ድንች ነው፤ ተቀቅሎ፣ እርቃኑን፣ ያለ በርበሬ ሳህን ላይ ይቀመጣል። ጎዳሬያችንና ስኳር ድንቻችን ስንት ማባያ እንዳላቸው አስቤ አዘንኩለት። አይባቸው ቡናማ ነው፤ ብሩንኡስት ይሉታል፤ ይጣፍጣል፣ እንደ ከረሜላ። ሰላምታቸው ደግሞ «ሄይ» ነው፤ በቃ። ሶዶ መንገድ ላይ ሰው ሳገኝ የከብቱን ደኅንነት ሳይቀር ስጠይቅ የኖርኩ ሰው፣ «ሄይ» ብዬ አፌ ክፍት ይቀራል፤ ሰውየው ግን ጥግ ዞሮ ሄዷል።

የቤታችን ባለቤት ኦላቭ ከላይ ፎቁ ላይ ብቻውን ይኖራል፤ እኛ ከሥሩ ነን። ዕድሜው ሰባን አልፏል። በመጀመሪያው ሳምንት መጥቶ በራችንን አንኳኳ።

«ምን ተቃጠለ?»

«ምንም አልተቃጠለም፤ ዳታ ነው። ቅመስ» አልኩት፣ ጴጥሮስ እየተረጎመ።

በድንች አጥቅሶ ጎረሰ። ፊቱ ቀላ፣ ዓይኑ ፈሰሰ፣ ሦስት ብርጭቆ ወተት ጠጥቶ አንድ ቃል ሳይናገር ወጣ። ከቤት ሊያስወጣን ነው ብዬ ዕቃ ልሸክፍ ስል፣ በማግስቱ ዳቦ ይዞ ተመለሰ። «ያ አረንጓዴው አለ?» አለ።

ከዚያ ክረምታቸው ገባ። በታኅሣሥ ፀሐይ ለሳምንታት ብቅ አትልም። እኩለ ቀን ላይ ትንሽ ወገግ ይላል፤ ጎህ ቀደደ ስትሉ መልሶ ይመሻል። የዳሞታን ተራራ ጠዋት ጠዋት በፀሐይ ሳየው የኖርኩ ሰው መስኮት ላይ ቆሜ የማየው የራሴን ፊት ሆነ። እኔ በጸሎት ቻልኩት። ምህረት ግን ተሰበረች። አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ቋንቋውን ከሁላችን ቀድማ የያዘች ልጅ፣ ከትምህርት ቀረች፣ ብርድ ልብስ ውስጥ ገብታ ቀኑን ሙሉ ግድግዳ ታያለች። «እማ፣ ለምን እንደማለቅስ አላውቅም» ትለኛለች።

ኦላቭ ጠርሙስ ይዞ ወረደ። «የጨለማው ጊዜ ነው፤ ሁላችንም እንደዚያ ነን። ትራን ትጠጣ፣ ቱር ትሂድ።» ትራን የዓሣ ጉበት ዘይት ነው፤ ኮሶ ከእሱ ይሻላል። ቱር ማለት ደግሞ በዝናብና በነፋስ ያለ ጉዳይ ተራራ መውጣት ነው። ለእነሱ ከእነዚህ ሁለቱ የማይድን በሽታ የለም። ትራኑንም ጠጣች፣ ተራራውንም ወጣች። አልዳነችም።

ሐኪም ቤት ሄድን። ሐኪሟ ወጣት ናት፤ ሲልየ ብላችሁ ጥሩኝ አለች። ዶክተርን በስሟ መጥራት ምላሴ እምቢ ስላለኝ «ዶክተር ሲልየ» አልኳት። አስተርጓሚው በስልክ ነው፤ ጠረጴዛው ላይ የተቀመጠው ስልክ በአማርኛ አናገረኝ።

«ሰላም፣ አስተርጓሚ ነኝ።»

«ሰላም ወንድሜ። ከየት ነህ?»

«ስለ ራሴ መናገር አይፈቀድልኝም እናቴ።»

«አገርህን ብቻ ንገረኝ።»

«ይህንንም ለሐኪሟ መተርጎም አለብኝ» አለና ተረጎመው።

ሐኪሟ ሳቀች። «አይጨነቁ፣ የሰሙትን ለማንም እንዳያወሩ ሕግ ያስገድዳቸዋል።»

«ሐበሻ ነው እኮ!» አልኩ። ይህንንም ተረጎመው።

ጭንቀቴ ይገባችኋል። የሶዶ ሰው ቢሆንስ? የሶዶ ሰው የሚያውቅ ቢሆንስ? እኔ ቦዶ ላይ የተናገርኩት ከእኔ ቀድሞ አገር ቤት የበዴሳ ከተማ ገበያ ይደርሳል፤ ነገ ምህረትን የሚጠይቃት አይኖርም።

«በቤተሰባችሁ የአእምሮ ሕመም ያለበት ሰው አለ?» አለች ሐኪሟ።

«በልጄ ጎሳ አንድም የለም። እስከ ሰባት አባት ተጣርቷል።» በእግዚአብሔር ፊት እውነቴን ነበር።

«የእርስዎ ወንድሞችና እህቶችስ ጤነኞች ናቸው?»

«ወንድሜ ወባ አለበት።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ሃያ ዓመት።»

አስተርጓሚው ጉሮሮውን ጠረገ። «ይቅርታ፣ ሃያ ቀን ነው ያሉት?»

«ሃያ ዓመት። ይመጣል፣ ይሄዳል።»

ሐኪሟ ብዕሯን አስቀምጣ ዓይኗን አፈጠጠች። እንዲህ ያለ ወባ ሰምታ እንደማታውቅ፣ የሐሩር በሽታ የሚያውቅ ባልደረባዋን እንደምትጠይቅ ነገረችኝ። እኔም አመሰገንኳት። ለምህረት ለድብርት የሚሆን እንክብል አዘዘችላት፤ መድኃኒቱ ከመጠን በላይ ካነቃቃት ቶሎ እንድንመጣ አስጠነቀቀችን። እኔ ግን «ከመጠን በላይ መንቃት» የሚባል ሥጋት እዚያ ጨለማ ውስጥ ቅንጦት መሰለኝ።

በሦስተኛው ሳምንት ልጄ ተነሳች። ታጠበች፣ ጸጉሯን ተሠራች፣ በላች። ተንበርክከን አመሰገንን። በአራተኛው ሳምንት ዘመረች፣ ቤቱን ወለወለች፣ የዕቃ መደርደሪያውን ቦታ ቀየረች። በአምስተኛው መልሳ ቀየረችው። ሦስት አሮጌ ብስክሌት ገዛች፤ አንዱ ለእኔ ነው፤ በዕድሜዬ ብስክሌት ነክቼ አላውቅም። የመዘምራን ቡድን ገባች፣ የበረዶ ሸርተቴ ማኅበር ገባች፣ ጣልያንኛ መማር ጀመረች። ስታወራ ወላይትኛው ከአማርኛው፣ አማርኛው ከኖርዌይኛው እየተጋፋ ይወጣል። ጴጥሮስ «ልጄ ተመለሰችልኝ» እያለ ይስቃል። እኔም አብሬው እስቃለሁ፤ ሆዴ ግን አልሳቀም።

አንድ ማለዳ ኦላቭ በካልሲው ወርዶ አንኳኳ።

«ልጃችሁ የደጄን በረዶ ጠርጋልኛለች፤ አመሰግናለሁ» አለ። «የመንገዱንም ጠርጋለች። የስድስቱን ጎረቤት ደጃፍም ጠርጋለች። አሁን ደግሞ እየቀሰቀሰች ውጡና ተመልከቱ እያለቻቸው ነው።»

ጫማ ሳልቀይር ሮጬ ወጣሁ። ምህረት አካፋ ይዛ መንገዱ መሐል ቆማለች፤ ካፖርት አልለበሰችም፤ ከአፏ ጭስ የመሰለ ትንፋሽ ይወጣል። «እማ፣ ኖርዌይን በሙሉ እጠርጋታለሁ!» አለችኝ። ዓይኖቿን አየሁ። የሚያበሩ፣ የማይጨፈኑ፣ ከእኔ አልፈው የሚያዩ ዓይኖች። የማርቆስ ዓይኖች ነበሩ።

አቅፌ አስገባኋት፤ እንዴት እንደገባን አላስታውስም። ሻይ አስይዤ አስቀመጥኳትና ጴጥሮስን ወደ ማድ ቤት ጠራሁት።

«ጴጥሮስ፣ ማርቆስ ወባ የለበትም።»

«አውቃለሁ።»

«ምኑን ነው የምታውቀው?»

«ብዙነሽ፣ ወባ የያዘው ሰው፣ ያኔ ሶዶ ሳለሁ እንዳየሁት፣ በአንድ ሌሊት ሦስት ክፍል ቤት ቀለም አይቀባም። ከሠርጋችን በፊት ጀምሮ አውቃለሁ።»

«ሃያ ዓመት? ታዲያ ለምን ዝም አልክ?»

«አንቺ ዝም ስላልሽ። ደግሞ፣» አለ፣ በዚያ ጭንቅ መሐል ፈገግ እያለ፣ «ለቤሌ ወባ መድኃኒት ፈልግ ብለሽ ስታሯሩጪኝ ደስ ይለኝ ነበር።»

ልመታው እጄን አነሳሁና አለቀስኩ። እሱ ግን ቁምነገሩን አልረሳም። «ያልነገርሽኝን ተይው። ሐኪሞቹ ካላወቁ ግን ልጃችንን የሚያክሙት በጨለማ ነው። ዛሬውኑ ትነግሪያቸዋለሽ።»

ዶክተር ሲልየ ስትሰማ መድኃኒቱን ወዲያው አስቆመችና በዚያው ቀን ወደ አእምሮ ሐኪም ላከችን። ቱሪድ ትባላለች፤ ሽበታም፣ ሹራብ የለበሰች፣ የማትቸኩል ሴት ናት። ልጄ ለአቅመ ሔዋን ደርሳለችና እኔ አብሬ እንድቀመጥ የምትፈቅደው ራሷ እንደሆነች ነገረችኝ። ወልጄ፣ አጥብቼ፣ ውቅያኖስ አሻግሬ፣ ፈቃድ ተጠየቀልኝ! ምህረት «ትግባ፣ ካልሆነ በሩ ላይ ትቆማለች» አለች።

ስልኩ ጠረጴዛው ላይ ተቀመጠ፤ በጉሮሮ አጠራረጉ ያው ሰው መሆኑን አወቅሁ። ሁሉንም ነገርኩ። የገበያውን ስብከት፣ የተላከበትን ቀን፣ ወባ ያልነውን። ስጨርስ አስተርጓሚው የመጨረሻውን ቃል ተረጎመ። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ «እግዚአብሔር ይማርልዎ፣ እናቴ» አለኝ። ቱሪድ ምን እንዳለ ጠየቀችው። «መልካም ምኞቴን ገለጽኩላቸው፤ ከሥራዬ ውጪ ነው፣ ይቅርታ» አላት። እኔም ከየት እንደሆነ መልሼ አልጠየቅሁትም።

ቱሪድ ትልቅ ወረቀት ዘርግታ መሳል ጀመረች። ወንድ አራት ማዕዘን፣ ሴት ክብ። ምህረት ክብ፣ ጴጥሮስ አራት ማዕዘን፣ እኔ ክብ። ከጴጥሮስ ወደ ምህረት መስመር አወረደች። ከእኔም ወደ ምህረት አወረደች።

«ይሄኛው መስመር ልክ አይደለም» አልኩ። «ልጅቷ የአባቷ ናት።»

«ግማሹ ከአባት ይወረሳል፣ ግማሹ ከእናት» አለች ቱሪድ።

«ለኖርዌይ ሰው ነው ወይስ ለሁሉም?»

«ለሁሉም።»

ወረቀቱን ትክ ብዬ አየሁት። ከእኔ ወደ ጎን ሌላ መስመር ሄዶ ማርቆስን ነካ። አጥሬ በብዕር ፈረሰ።

ቱሪድ አያቶቼን ጠየቀችኝ። ይሄ እንኳ ትምህርቴ ነው ብዬ የራሴን ሰባት አባቶች በአንድ ትንፋሽ ቆጠርኩላት፤ አስተርጓሚው ደከመው፣ ወረቀቱ ሞላ። እሷ ብዕሯን ይዛ፣ «ሴቶቹስ የት አሉ?» አለች። የእናቴን እናት ስም ሰጠኋት። ከእሷ ወዲያ ግን የማውቀው አልነበረም። ክቦቹ ባዶ ሆነው ቀሩ። ስንት ሴት እንደ ማርቆስ አዝና፣ እንደ ማርቆስ ተደስታ፣ ስሟ ሳይያዝ አልፋለች ብዬ አሰብኩ።

«እንግዲያ ያሳመምኳት እኔ ነኝ» አልኩ።

«አይደሉም» አለች፤ ብዕሯንም አስቀመጠች። ባይፖላርን የሚያመጣ አንድ ብቻውን የሆነ ዘረመል የለም አለችኝ። ብዙ፣ እጅግ ብዙ ትንንሽ ነገሮች ናቸው፤ እያንዳንዱ ትንሽ ትንሽ ይገፋል፤ ከሁለቱም ወገን ሊመጡ ይችላሉ። የሚወረሰው ሕመሙ ሳይሆን ለሕመሙ ቅርብ መሆን ነው። ብዙ ሰው ይወርሳል፣ አብዛኛው ሳይታመም ይኖራል። እንቅልፍ ማጣት፣ ጨለማው፣ አገር መልቀቅ፣ ያ መድኃኒትም፣ የየራሳቸውን ሊጨምሩ ይችላሉ። ደም ሰጥቶ «ትታመማለህ፣ አትታመምም» የሚባልበት ምርመራ የለም።

ነገሩ የገባኝ በዳታ ነው። ዳታ ውስጥ ቃሪያው አለ፣ ነጭ ሽንኩርቱ፣ ዝንጅብሉ፣ ጤና አዳሙ አለ። አፋችሁን ያቃጠለው የትኛው ነው ብትባሉ ለይታችሁ ማውጣት ትችላላችሁ? አንድ ዓይነት ቅመም ከሁለት ጓሮ ለቅማችሁ ብትፈጩት፣ አንድ ቀን ያቃጥላል፣ ሌላ ቀን ይለዝባል። ይህን ስነግራት ቱሪድ አስተርጓሚውን ደግመህ በልልኝ ብላ ጻፈችው።

«ጭንቀትሽንም ወርሻለሁ እማ፤ እሱንም ትጻፈው» አለች ምህረት። ከብዙ ቀን በኋላ የሰማሁት የመጀመሪያው ቀስ ያለ ንግግሯ ነበር።

ስንወጣ ቱሪድ አንድ ነገር ጠየቀችን። «ወንድምዎን የረዳው የትኛው መድኃኒት ነው? አንዱን ዘመድ የጠቀመ መድኃኒት ሌላውንም የሚጠቅምበት ጊዜ አለ። ዋስትና አይደለም፤ ግን ማወቅ እፈልጋለሁ።»

አላውቅም ነበር። የአንድ እናት ልጆች ሆነን፣ በሃያ ዓመት ውስጥ ወንድሜ ምን እንደሚውጥ ጠይቄው አላውቅም።

ቤት ስንደርስ ኦላቭ ደረጃው ላይ ቆሞ ጠበቀን። ጴጥሮስ ነገረው፤ እኔ ክንዱን ብጎትተውም ነገረው። ኦላቭ መሬት መሬት እያየ፣ «የእናቴ ወንድም ነርቭ ነበረበት» አለ። «እንደዚያ ነበር የምንለው። በፀደይ ጀልባ ይገዛ ነበር። አንድ ጊዜ አራት ጀልባ ገዛ። መዋኘት እንኳ አይችልም ነበር።» ከዚያ ትራን ሳይሰጠን፣ ቱር ሂዱ ሳይለን፣ እጄን ጨብጦ ወደ ላይ ወጣ።

በማግስቱ ቤሌ ደወልኩ። የገበያ ቀን ነበር፤ ከጀርባው የሰው ጫጫታና የባጃጅ ጥሩምባ ይሰማል።

«ሳሮ፣ ኢሻ?» አልኩት፤ ሰላም ነህ ማለቴ ነው።

«ሳሮ፣ ሳሮ! ንጉሡ ደህና ናቸው? ዶማው እጀታ አገኘ?» ድምፁ የረጋ ነበር፤ ደህና ሰሞኑ ነው።

«ኢሻ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። የምትወስደው መድኃኒት ስሙ ማን ይባላል?»

«የወባው?»

«የወባው አይደለም።»

አንዲት ሴት ጨው ስትጠይቀው ሰማሁ። «እህቴ፣ ተዘግቷል» አላት። ሴትዮዋም «በገበያ ቀን? ቆሜ እያየሁህ?» አለች። የሱቁ በር ሲንኳኳና ሲቆለፍ ሰማሁ፤ ጫጫታው ራቀ።

«ማን ታመመ?» አለኝ።

«ምህረት።»

«በእኔ ነው?»

«በማንም አይደለም። ሐኪሟ በወረቀት ሥላ አሳየችኝ። ከአንተ ጋር በመስመር የተያያዝኩት እኔ ነኝ።»

«እናታችን ቤሌ ስትልከኝ፣» አለ፣ «እህትህ እስክታገባ ነው ብላኝ ነበር። ካገባሽ በኋላ የሚጠራኝ አጣሁ።» ይህን ያለው ሳይቆጣ ነው፤ ለዚህ ነው የከበደኝ። «ይቅር በለኝ» አልኩት። «ይቅር ብያለሁ፤ አሁን እስክሪብቶ ያዢ» አለና ከመድኃኒቱ ዕቃ ላይ ፊደሉን አንድ በአንድ ቆጠረልኝ። ሊቲየም። ከአዲስ አበባ ነው የሚያስመጣው። ወደ ሶዶ ቅቤ ልሸጥ ነው እያለ የሚመላለሰው ደሙን ሊያስመረምር ነበር። እኛ በወጣንበት ሰሞን መድኃኒቱ ጠፍቶ ሁለት ወር አልዋጠም። አጥሩም፣ ሰማያዊው ቀለምም፣ የንጉሡም ጸሎት ከዚያ ነበር።

«እንቅልፏን ጠብቂ» አለኝ። «ከመድኃኒቱ እኩል ነው። አሁን እሷን ስጪኝ።»

ስልኩን ሰጠኋት። ምህረት ክፍሏ ገብታ በሩን ዘጋች። እኔ ኮሪደሩ ላይ ቆሜ ለመጀመሪያ ጊዜ ሁለቱ ወባ ሳይሉ ሲነጋገሩ ሰማሁ። «አንተም? ሦስት ብስክሌት ነው የገዛሁት! አንተስ? የጋሪ አህያ? ያለ ጋሪው?» እያለች ትስቃለች። የሳቋን ርዝመት በልቤ መዘንኩት። ከልክ ያለፈ አልነበረም።

ይህን የምጽፈው ዓመት ሊሆነው ሲል ነው። ምህረት ሊቲየሙን ትወስዳለች፣ ደሟን ታስመረምራለች፣ ትምህርቷን ቀጥላለች። ሐኪሞቹ ዳነች አይሉም፤ ደህና ናት ይላሉ፤ እኔም ደህና ናት ማለትን ተማርኩ። ሁለቱን ብስክሌት ሸጠች፤ አንዱን ኦላቭ ካላስተማርኩሽ እያለ ያሳድደኛል። በየቤቱ ወባ የምትሉ እናቶች፣ ለሐኪም ስትናገሩ የእናት ወገኑንም ቁጠሩ፤ ስልኩ ውስጥ ያለው ሰው ከየትም ይሁን።

ማርቆስና ምህረት በየቅዳሜው ይደዋወላሉ፤ የተኙበትን ሰዓት እንደ ትምህርት ቤት ውጤት ይነጋገራሉ። ባለፈው ቅዳሜ ግን ወንድሜ እኔን ፈለገኝ።

«ዘመዶቻችን አሁንም ወባህ እንዴት ነው ይሉኛል» አለ። «አንቺ መጥተሽ ንገሪያቸው።»

«ዛሬውኑ እደውልላቸዋለሁ።»

«በስልክ አይሆንም። እኔ ተቀምጬ፣ እነሱ ተቀምጠው፣ አንቺ በአፍሽ ትነግሪያቸዋለሽ። መቼ ትመጫለሽ?»

«በጋ ሲሆን» አልኩት።

«የየትኛው አገር በጋ?»

ኖርዌይ በጋ የሚሆነው አገር ቤት ዝናብ ሲጥል ነው። የቱንም ብመርጥ የቲኬት ነገር፣ የጴጥሮስ የፋብሪካ ፈቃድ፣ የምህረት ቀጠሮ አለ። አስልቼ ሳልጨርስ ደንበኛ ገባበት። «ቆይ፣ አትዝጊ» አለኝ። ስኳሩን ሲሰፍር፣ ወረቀቱን ሲጠቀልል፣ ሰውየው ስለ መንገዱ ሲያማርር ሰማሁ። ቀጥሎ ሌላ ደንበኛ መጣ። ሌላም። አልዘጋሁም።